ልጄ ስትጸልይ ጥርጥር የሚባል የላትም፤ እኔ ምን ልበላት?

የጀሞዋ እናት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ነገሩ ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ ነው የምጽፈው። ወላጆችም፣ ሕፃናት የምታስተምሩም፣ የምታውቁትን ንገሩኝ።

አምስት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ አለችኝ። አባቷ ዶሃ ሾፌር ነው። የሄደው በደንብ ማውራት ሳትጀምር ስለሆነ የምታውቀው በኢሞ ነው ማለት ይቻላል። እኔ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እቤቴ ልብስ እሰፋለሁ። ማታ ስፌቱን አቁሜ፣ ጧፍ አብርተን፣ ከእመቤታችን ሥዕል ፊት አብረን እንቆማለን። አቡነ ዘበሰማያትን ትወጣዋለች፤ መሀል ላይ ጥቂት ቃላት ትውጣለች እንጂ። «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» ላይ ስንደርስ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፤ በደንብ የምታውቀው እሱን ነው።

ከዚያ የራሷ ጸሎት ይመጣል። ጾመ ነቢያት ከገባ ጀምሮ የራሷ ጸሎት አንድ ነው። «እግዚአብሔር፣ አባዬን ለገና አምጣልኝ። እሺ፣ አመሰግናለሁ። አሜን።» በቃ። ታማትብና ትተኛለች። አታለቅስም፤ «እንዲህ ካደረግህልኝ እንዲህ አደርግልሃለሁ» አትልም። እንቅልፍ የሚወስዳት ነጠላዬን አጣጥፌ ሳልጨርስ ነው።

በማግስቱ ታች ቤት ላሉት እትዬ «አባዬ ለገና ይመጣል» ብላ አበሰረቻቸው። «ማን አለሽ?» ሲሏት «ነገርኩት እኮ!» አለች። ለማን እንደነገረች ማብራራት እንኳ አላስፈለጋትም። ቅዳሜ ደግሞ ሽንኩርት ስከትፍ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ የገናው ዶሮ ፈረሰኛ የአባቷ ስለሆነ ለማንም እንዳልሰጥ አስጠነቀቀችኝ።

አባቷ ግን አይመጣም። ፈቃድ በተራ ነው፤ የእሱ ተራ አልደረሰም። ይሄን ከነገረኝ ሰንብቷል።

እንግዲህ ምን ልበላት? «ላይመጣ ይችላል» ብላት እምነቷን በእጄ እንዳላፈርስ እፈራለሁ። ዝም ብል ደግሞ የገና ዕለት «እግዚአብሔር አልሰማኝም» ትላለች ብዬ እሰጋለሁ።

ሌላም አለ። አጠገቧ ቆሜ ስጸልይ ልዩነታችን ይታየኛል። እኔ ስለ ቤት ኪራይ ስለምን ደንበኛ እንደቀነሰ፣ ጨርቅ እንደተወደደ፣ አከራይዬ እንደጨመሩብኝ አንድ በአንድ እዘረዝራለሁ፤ እሱ የማያውቅ ይመስል። መጨረሻ ላይ «ፈቃድህ ከሆነ» እላለሁ። ስለው ግን ልቤ «አይሆንም» ብሎ አስቀድሞ ጨርሷል። እሷ አትዘረዝርም። ሰጪውን እንደምታውቀው ሰው ነው የምትጠይቀው። ይሄን እኔ አላስተማርኳትም፤ እኔ ዘንድ የለማ። አዋቂ ሰው ይሄን ከልጅ መማር ይችላል? ወይስ ዕድሜ አንዴ ከወሰደው አይመለስም?


የሕፃናት ክፍል አስተማሪ

እህቴ፣ ሰላምሽ ይብዛ። እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት ትንንሾቹን ነው የማስተምረው፤ ፊደል ያልለዩትን። ከጻፍሽው ውስጥ «ነገርኩት እኮ!» የምትለው ላይ ቆየሁ። ከእነዚህ ልጆች ጋር የዋለ ሰው ያቺን ድምፅ ያውቃታል።

በመጀመሪያ ጸሎቷን አታርሚባት። ጌታችን ዘንድ ሕፃናትን ሲያመጡ ደቀ መዛሙርቱ ነበሩ የከለከሉት። እሱ ተቆጣቸው። የእግዚአብሔርን መንግሥት እንደ ሕፃን ያልተቀበላት ከቶ አይገባባትም አለ፤ ማርቆስ ምዕራፍ 10 ላይ ነው። ልጆቹ እዚያ ምን አደረጉ? ምንም። መጡ፤ አቀፋቸው፤ እጁን ጭኖ ባረካቸው። የሚያቀርቡት ነገር አልነበራቸውም።

ሁለተኛ፣ ፍርሃትሽን በቅዱስ ቂርቆስ ታሪክ ውስጥ ፈልጊው። ልጁ ሦስት ዓመቱ ነው። ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር ተይዞ ወደ ፈላ ውኃ ሊጣሉ ሲሉ፣ የውኃው ፍላት እንደ ነጎድጓድ ሲሰማ የፈራችው እናቱ ናት። ክፍል ውስጥ ይሄን ስተርክ ልጆቹ ሁልጊዜ እዚህ ቦታ ላይ ዝም ይላሉ። እናት ትፈራለች ብለው አያስቡማ! «እናቴ ሆይ አትፍሪ» ያላት እሱ ነው። «አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን ከእሳት ያዳነ አምላክ እኛንም ያድነናል» አላት፤ ስለ እሷም ጸለየላት። ከዚያ ነው መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል የወረደው። ሐምሌ 19 በየዓመቱ የምናከብረው ይሄን ነው። ልጁ ለእናቱ የሰጣት ስለ ውኃው ማብራሪያ አይደለም። እግዚአብሔር ማን እንደሆነ አስታወሳት።

ቂርቆስ ስማቸውን የጠራቸው ሦስቱ ወጣቶች ደግሞ ለንጉሡ ምን አሉት? አምላካችን ሊያድነን ይችላል፤ ባያድነንም ለምስሉ አንሰግድም አሉ። ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3ን ዛሬ ማታ አንብቢው። «ይችላል» እና «ባያድነንም» አንድ አፍ ላይ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አላፈረሰውም። አንቺ የፈራሽው ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው ይጠፋባታል ብለሽ ነው። አይጠፋም። የልጆች መተማመን የቆመው በሚያገኙት ነገር ላይ አይደለም። ልጅሽ አንቺን ከረሜላ ጠይቃሽ «አይሆንም» ብትያት ታኮርፋለች፤ ግን ነገ ሲርባት ወደ አንቺው ነው የምትመጣው።

«ፈቃድህ ከሆነ» ያልሽውን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አቡነ ዘበሰማያትን አስተውይ። «ፈቃድህ ይሁን» የምንለው የዕለት እንጀራችንን ከመለመናችን በፊት ነው። መጀመሪያ «አባታችን» ብለን ጠርተነዋል፤ ከዚያ ፈቃዱን አስቀድመናል፤ ከዚያ እንጀራ እንጠይቃለን። ጌታ እንዲህ ነው ያስተማረን። ብዙዎቻችን ግን መጨረሻ ላይ አምጥተን የመውጫ በር አደረግነው፤ ባይሆን እንዳናፍር። ልጆች መውጫ በር አያዘጋጁም። መግባታቸውን ነው የሚያውቁት።

አዋቂ ይማራል ወይ ላልሽው፣ ፍልሰታ ላይ ትንሽ ቀደም ብለሽ ነይና ከልጆቹ ጎን ቁሚ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ምግብ አልቀመሱም፤ ከንፈራቸው ደርቋል። ቆርበው ሲወጡ አፋቸውን በነጠላቸው ጥፍንግ አድርገው ይሸፍናሉ። አንዱን ስሙን ጠርቼ «ደህና ነህ?» ብለው በዓይኑ ብቻ «አዎ» አለኝ። አፉን አልከፈተም፤ ነጠላውን እንደያዘ አለፈኝ። ስለ ምሥጢሩ አብራራልኝ ብትይው አንድ ዓረፍተ ነገር አይነግርሽም። ምን እንደተቀበለ ግን ያውቃል። እኔ እንደዚያ ነጠላዬን ይዤ መውጣትን የተማርኩት ከእነሱ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ጨምሪላት። ነቢዩ ሳሙኤል ልጅ ሳለ ድምፅ ሲጠራው ወደ ዔሊ ነበር የሮጠው። ሽማግሌው ድምፁን አልሰማም፤ ምን ብሎ መመለስ እንዳለበት ግን አስተማረው። «ባሪያህ ይሰማልና ተናገር» በል አለው። የእኛ የወላጆችና የአስተማሪዎች ድርሻ ያቺ ናት። ልመናዋን ስትጨርስ ትንሽ ዝም ብላ እንድትቆም አድርጊ። ልመናውን ራሷ ታውቀዋለች።


ከሐዋሳ

እኔ የወንጌላውያን አማኝ ነኝ፤ ይሄን ማንበብ ልቤን ነካው። እኛ ጋ ልጆች በራሳቸው ቃል እንዲጸልዩ ይበረታታሉ፤ አንዳንዴ ግን የአዋቂውን ድምፅና ረጅም ቃላት መኮረጅ ይጀምራሉ። ሰው ሲያደንቃቸው ነው ይሄ የሚመጣው። ስለዚህ ልጅሽን እንግዳ ፊት «እስቲ ያቺን ጸሎትሽን በይላቸው» እንዳትያት። ጸሎቷ የእሷና የእግዚአብሔር ይሁን። በሉቃስ ምዕራፍ 11 ጌታ ልጁ እንጀራ ቢለምነው ድንጋይ የሚሰጥ አባት ማነው ብሎ ይጠይቃል። ልጅሽ ያንን ጥያቄ የመለሰች ይመስለኛል። ተባረኩ።


የሁለት ልጆች አባት፣ ባሕር ዳር

መምህሩ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። «አታርሚባት» ባሉት ላይ ግን ትንሽ ልጨምር፤ ይሄ ነገር ቤቴ ስለገባ።

ወንዱ ልጄ ስድስት ዓመቱ ሳለ አያቱ፣ እናቴ፣ ኩላሊቷን ታመመች። ዲያሊስስ ጀመረች። ልጁ ማታ ማታ «እማማን አድንልኝ» ይል ነበር። እንደ አንቺዋ ልጅ አጭር ነው፤ ጨርሶ ይተኛል። እናቴ አረፈች።

ልቅሶው ላይ የመጣ ሰው ሁሉ ሊደብቀው ፈለገ። «ሩቅ አገር ሄዳለች» ያሉት አሉ። እኔና እናቱ እውነቱን ነገርነው። ሰው በተበተነ ማታ ሥዕሉ ፊት ቆመና ጮክ ብሎ «ጠይቄህ ነበር እኮ! ለምን?» አለ። እናቱ ልትይዘው ተነሳች። ተይው አልኳት። ለምን ቢባል፣ እያወራ ያለው ከእሱው ጋር ነዋ። የተቆረጠ ሰው ዝም ነው የሚለው። ዳዊትስ «እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» ብሎ አልጮኸም? ያንን መዝሙር ቤተ ክርስቲያን ሸሽጋ አላስቀመጠችውም፤ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይደግመዋል። እኔ ያን ቀን ከልጄ የተማርኩት ይሄን ነው። አዋቂው እኔ እኮ ከእናቴ ቀብር በኋላ እግዚአብሔርን በትሕትና ነበር ያኮረፍኩት፤ አንገት ደፍቼ፣ ቃል ሳላወጣ። ልጁ ግን ፊት ለፊት ጠየቀው፤ ጠይቆም ተኛ።

አርባዋ ሳይደርስ ጸሎቱን ራሱ ቀየረው። ካህኑ ሲሉ ሰምቶ ነው መሰለኝ «እማማን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅ፣ ከያዕቆብ ጎን አስቀምጥልኝ» ማለት ጀመረ። ከዚያ የራሱን ጨመረበት፦ «ደረጃ ያለበት ቦታ ግን አይሁን፤ ጉልበቷን ያማታል።» እስካሁን ይላታል። ማንም አላስተማረውም።

እንግዲህ ለአንቺ የምለው፣ ስለ አባቷ ፈቃድ ያለውን እውነት ንገሪያት። ተራ እንዳለ፣ አለቃ እንዳለ፣ ተራው እንዳልደረሰ። እውነት ማወቅ እምነትን አይጎዳም። «አይመጣም» ብለሽ ግን አትፍረጂ፤ እሱ ያንቺ ሥራ አይደለም። ያለውን ነግረሽ ጸሎቷን ለእሷ ተይላት።

ደግሞም በእግዚአብሔር ቦታ አትግቢ። አንዳንድ ወላጅ ልጁ ሳይክል ሲለምን ሰምቶ ተደብቆ ይገዛና «እግዚአብሔር ላከልህ» ይላል። ፍቅር ነው፤ ይገባኛል። ግን ልጁ ነገ አባቱ ሊገዛው የማይችለውን ሲለምን ምን ሊሆን ነው? የገና ዕለት አሻንጉሊት ገዝተሽ «በአባትሽ ፈንታ» እንዳትያት። እሷ ያለችው አባቴን ነው።


ከኩዌት

እህቴዋ፣ እኔ በሌላኛው በኩል ስላለሁ ነው የምጽፍልሽ። ሰው ቤት ነው የምሠራው። ልጄ ወልዲያ እናቴ ጋ ነው። ማታ ከመተኛቱ በፊት እናቴ ስልኩን ትይዝለትና በኢሞ ድምፅ ይልክልኛል። የሚያወራው ለእኔ አይደለም፤ ጸሎቱን ነው የሚልከው። «እናቴን ጠብቅልኝ፤ ማዳሟ አትቆጣት፤ ወገቧን አይመማት።» ወገቤን እንደሚያመኝ አንዴ ነው የሰማው። አልረሳውም።

እዚህ ሆኜ ስንት ነገር እጸልይ ነበር መሰለሽ። ሌሊት ወጥ ቤት ቁሜ እያለቀስኩ፣ እየተሳልኩ። ስለት መጥፎ ነው አላልኩም። ግን ልጄን እየሰማሁ ስመጣ ጸሎቴ አጠረ። ያመመኝን ስም ጠርቼ እነግረዋለሁ፤ አመስግኜ እተኛለሁ። ሰውነቴም እንቅልፍ አገኘ። ጠዋት ባለ አምስት ፎቅ ቤት ለማጽዳት የምነሳ ሰው ነኝ፤ እንቅልፍ ትልቅ ነገር ነው።

ባልሽ ያቺን ጸሎት ሰምቷታል? አንቺ እንዳይከፋው ብለሽ ደብቀሽበት እንደሆነ አትደብቂበት። በቀጥታ ስልክ ሳይሆን በድምፅ ቅጂ ላኪለት። በስልክ ፊቱን ማሳመር አለበት፤ ቅጂውን ግን ብቻውን ሆኖ ይሰማዋል። ሰው አገር ላይ ስምህን ለእግዚአብሔር የሚናገር ልጅ እንዳለህ መስማት ምን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።


የጀሞዋ እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህር፣ ምዕራፍ 3ን አነበብኩት። የባሕር ዳሩ ወንድሜ፣ የደረጃዋን ነገር ሳነብ ስፌቱን አቁሜ ነው ያለቀስኩት፤ እናትህን ነፍስ ይማርልን።

የሆነውን ልንገራችሁ። እንደተባልኩት እውነቱን ነገርኳት። «የአባዬ አለቆች ፈቃድ በተራ ነው የሚሰጡት፤ ተራው ገና ነው» አልኳት። ሰማችኝ። ጥያቄዋ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ጠየቃቸው?»

መልስ አልነበረኝም። እኔም ጠይቆ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

«ካልመጣስ?» ስላት ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ለፋሲካ እለዋለኋ» አለች። ምንም አልከበዳትም። የፈራሁት ነገር እሷ ዘንድ ቦታ የለውም።

የኩዌቷ እህቴ፣ ጸሎቷን ቀድቼ ላክሁለት። እውነትሽን ነው፣ ደብቄበት ነበር የቆየሁት። ሰምቶ ብዙ ሰዓት ዝም አለ። ማታ ላይ ደወለና እሷን አገናኚኝ አለኝ። ስልኩን ከእጄ ነጥቃ የመጀመሪያ ቃሏ «አባዬ፣ ጠየቅሃቸው?» ሆነ። እሱም እንደ እኔ ተያዘ። «አልጠየቅኩም። እንደማይሰጡኝ ስለማውቅ ነው» አላት። «ጠይቃቸዋ!» አለችው፤ ጫማህን እሰር እንደሚባል ዓይነት።

ለካ ማመልከቻ አላስገባም ነበር። ተራው እንዳልደረሰ አይቶ፣ አለቃውን በልቡ አስቦ፣ መልሱን ራሱ ሰጥቶ ጨርሷል። እኔም በጸሎቴ ላይ የማደርገው ይሄንኑ ነው። ስለ ቤት ኪራዩ ስለምን አለመስጠቱን እኔ ወስኜለት ነው የምቆመው።


የሕፃናት ክፍል አስተማሪ

እህቴ፣ ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 4 ላይ «አትለምኑምና ለእናንተ አይሆንም» ያለውን አምስት ዓመቷ ልጅሽ ስልክ ላይ ነገረችው። እኔ ለእሁዱ ሌላ ትምህርት አዘጋጅቼ ነበር፤ ስሟን ሳልጠራ ይሄን ልንገራቸው፣ ትፈቅጂልኛለሽ?


የጀሞዋ እናት

እፈቅዳለሁ መምህር፤ ደስ ይለኛል። ባለቤቴ ማመልከቻውን አስገብቷል። አለቃው ገና ምንም አላለም፤ ተራ የያዙ ሌሎች ሰዎችም አሉ፤ ስለዚህ የሚሆነውን አላውቅም። እኔም ከትናንት ጀምሮ ዝርዝሬን ትቼ «የቤት ኪራዩን ስጠን» ብዬ አሜን እላለሁ፤ ከእሷ ቀጥዬ። ዝም ብሎ መቆሙን እሷ ገና አልለመደችውም፤ አንድ ዓይኗን ከፍታ እኔን ታየኛለች። ከዶሃ መልስ ሲመጣ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ፤ ቢፈቀድለትም ባይፈቀድለትም።